ጭልፊትን የሚነካ እጅ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 1847

ዛሬ ጭልፊት ከፋብሪካው በር ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ስስላትና ስሰርዛት የኖርኩት ሎኮሞቲቭ በገዛ እንፋሎቷ ስትንቀሳቀስ አየሁና፣ እኔ ኤድመንድ ሄስኬት፣ የኩባንያው ዋና ንድፍ ሠሪ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየኝ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ። አላፍርበትም። የመካከለኛው መንኮራኩሯ ቁመት ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይጨርሳል፤ ፒስተኑ ሳይዋከብ ባቡሯ ትበራለች። ሐሳቡ ይኸው ነው። ቦይለሯንም ዝቅ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ዝቅ ያለ ነገር አይገለበጥምና።

ሦስቱንም ጥንድ መንኮራኩር ሚዛን ላይ አወጣናቸው። የፊተኞቹ መንገድ ይመራሉ፣ የመካከለኞቹ ይጎትታሉ፣ የኋለኞቹ ይደግፋሉ። ሁሉም ባሰብኩት ልክ ተሸክመዋል።

የፋብሪካው ኃላፊ ሚስተር ቶርንቢ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣ ቆንጆ ናት፣ ቆንጆ ፈረስ ግን ዳገት አይወድም ብሎ ሄደ። ይህ ሰው አይወደኝም። የሚወደው ትንንሽ መንኮራኩር ያላቸውን የራሱን ባቡሮች ነው። በኖቬምበር አጋማሽ የቦርዱ ሰዎች ተሳፍረው ጭልፊትን ይፈትኗታል። በሰዓት ስልሳ ማይል ደህና ከሄደች እህቶቿ ይሠራሉ፤ ካልሄደች እሷ ተቆራርጣ ወደ ማቅለጫ፣ እኔም ወደ ጎዳና። ቶርንቢ ይህን የነገረኝ ፊት ለፊት ነው።

ነጂዋ ጃቤዝ ክላፍ ነው፣ የሚስቴ የሃሪየት ታላቅ ወንድም። ከቶርንቢ ጋር ተሟግቼ ነው ያሰጠሁት። ሰው ቢያንስ እንፋሎቱን የሚከፍትለትን ማመን አለበት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 7

የመጀመሪያ ሙከራ። የዌትሊን ዳገት እንደ ወፍ ወጣችው። መንኮራኩሩ አንዴም በባዶ አልተሽከረከረም። ቶርንቢ አፉን ያዘ።

ከዚያ የኬልቢ ቁልቁለት። ሃምሳ ማይል ስትሞላ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እኔ ከኋላ ሠረገላው ውስጥ ነበርኩ። ቆሞ የነበረ ሁሉ ተቀመጠ። ጃቤዝ እንፋሎቱን ዘጋ።

ለምን? ሚዛኗ ልክ ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 8

መልሰን ሚዛን ላይ አወጣናት። ያው ነው። ሰኞ ከተነበበው ፈቀቅ ያለ ነገር የለም። ቁጥሩን ያነበበልኝ ኦወን ፕሮበርት ነው፤ ባለፈው ጸደይ ከሌላ ኩባንያ የንድፍ ክፍል የመጣ የዌልስ ሰው። እጁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ዝምተኛ ነው። ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል? ከዚያኛው ኩባንያ ለምን እንደለቀቀ ብጠይቀው፣ ሰፈሩ አልተስማማኝም አለኝ። ሰው ለሰፈር ብሎ ሥራውን ይጥላል?

ቁጥሩን አንብቦ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ክብደቷን የሚሸከሙትን ባሌስትራዎች አየ። ፈገግ ያለም መሰለኝ። ምን ያስቀዋል?

እሑድ፣ ኦክቶበር 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጃቤዝ ምሳ እኛ ጋ በላ። ሃሪየት የበሬ ሥጋ ጠብሳ ነበር፤ ያ ሰው ግማሹን ብቻውን ጨረሰው። ባቡር ሳይመጣ በፊት የፖስታ ሠረገላ ነጂ ነበርና ዛሬም ስለ ጭልፊት ሲያወራ ስለ ባዝራ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ዳገት ከመውጣቷ በፊት የሆድ ማሰሪያዋን ጠበቅ ታደርግላታለህ፣ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ላላ ታደርግላታለህ፣ ሌሊቱን ታስራ ማደር የለባትም እያለ ሹካውን እየወዘወዘ አሳቀን። ቢራ ሲገባበት እንደዚህ ነው።

ሃሪየት፣ ታዲያ ለምንድን ነው የምትነቃነቀው ብላ ጠየቀችው። ደመ ሞቃት ስለሆነች ነው፣ ዘሯ ነው አላት።

ስንሸኘው በሩ ላይ ክንዱን ያዝኩት። "ጃቤዝ፣ አንድ ነገር አደራ። ቶርንቢ የሚጠብቀው ትልቁ መንኮራኩር ጣቢያው ላይ በባዶ ሲሽከረከር ማየት ነው። ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ።"

"አንተ ሥዕልህን ሳል፣" አለኝ። "እኔ እያለሁ አታንሸራትትም። ካንሸራተተች ጢሜን ላጨው።"

እንዲህ ያለ ዘመድ ስላለኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14

ሁለተኛ ሙከራ። ዳገቱን ያለ አንዳች መንሸራተት። ቁልቁለቱን እንደ ሰካራም። የሠረገላው መስኮት ረገፈ። ቶርንቢ፣ ትልቅ መንኮራኩር፣ ትልቅ ጭፈራ አለ። ሁሉም ሳቁለት። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ የለም።

ማታ ሚዛን። ልክ። ልቤን ሊያወልቀው ነው።

ምናልባት ቦይለሩ ገና በበቂ ዝቅ አላለ ይሆናል። በእጅ ስፋት ዝቅ ላድርገው ብዬ ሥዕሉን ስዘረጋ ፕሮበርት ከጀርባዬ ቆሞ፣ ከፍታው አይደለም ሕመሟ አለ። ማን ጠየቀህ አልኩት። ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። እውነት ለመናገር ያልኩት ከዚህም የከፋ ነበር፤ ሁሉም ሰማ። ትንሽ ከበድኩበት መሰለኝ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16

ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከምሳ በኋላ ወደ ባቡሮቹ ማደሪያ ብቅ ብል፣ ፕሮበርት ከጭልፊት ሆድ ሥር ተንበርክኳል። ድምፄን ሲሰማ ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ከብረቱ አጋጨው። እጁ ላይ ጠመኔ ይዟል። ምን ትሠራለህ አልኩት። እያየሁ ነው አለኝ። ለማየት ጠመኔ ምን ያደርጋል አልኩት። ጉልበቱን አራግፎ ተናገረ።

"ከሐሙሱ ጉዞ በፊት በመካከለኛው ባሌስትራ ማጥበቂያ ዳዶዎች ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ ነበር። አሁን ሲታይ መስመሩ አይገጥምም። ሚዛኑ ልክ ነው፣ መስመሩ ግን ተሰብሯል። እነዚህ ዳዶዎች መንገድ ላይ ሳሉ ጠብቀዋል፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ላልተዋል፣ ሚስተር ሄስኬት።"

"ማን ነው የነካቸው?"

"ስም ለመጥራት በዓይኔ ማየት አለብኝ። አላየሁም። ግን ከጉዞ በፊት አንድ ሰው እዚህ ቢያቆሙ ጥሩ ነው። እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው።"

ያንን ዳዶ የነደፍኩት እኔው ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ ሚዛን ለማስተካከል ብዬ እጅ በቀላሉ እንዲደርስበት አደረግሁት። ሲጠብቅ የባቡሯ ክብደት ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ ትልቁ መንኮራኩር ሐዲዱን ይነክሳል፤ የፊተኞቹ ግን ይቀላሉ። የፊተኞቹ ከቀለሉ መንገዱን የሚመራ የለም ማለት ነው። ባቡሯ እንደዚያ የምትንገዳገደው፣ ከባሰባትም ከሐዲዱ ወጥታ ሰው የምትጨርሰው፣ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ እጅ አለበት። ማን ነው?

እስቲ ይታይ። ዳዶዎቹ እንደተነኩ ያወቀ እሱ ብቻ። ጠመኔ የያዘ እሱ። ከሆዷ ሥር የተገኘ እሱ። ሌባ ራሱ ሌባ ሌባ ብሎ ሲጮህ አዲስ ነው? በጉዞ ላይ ወደ ባሌስትራው ጠጋ ማለት የሚችሉ ጃቤዝና እሳት ቆስቋሹ ናቸው፤ እሳት ቆስቋሹ ያለ ጃቤዝ ፈቃድ አይተነፍስም፣ ጃቤዝን ደግሞ እንደ ራሴ አምነዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ፕሮበርት በሚቀጥለው ጉዞ ከነጂው አጠገብ ቆሜ ልሂድ ብሎ ጠየቀኝ። ለማን ሊነግር? ከለከልኩት። ለጃቤዝ ስነግረው ቶሎ ብሎ፣ የለም የለም፣ እዚያ ላይ ቦታ የለንም አለ። ጃቤዝም አልወደደውም ማለት ነው። ሰው ሰውን ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 23

ሦስቱ ርግቦች መጠጥ ቤት ገባሁ። ፕሮበርት ጥግ ይዞ ጥቁር ካፖርት ከለበሰ እንግዳ ሰው ጋር በዌልስኛ ያንሾካሹካል። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ሰውየው ወፍራም ነው፣ ጫማው አዲስ ነው፤ ከሌላ ኩባንያ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። ቢራዬን ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ።

ለሃሪየት ብነግራት ሳቋ መጣ። የጸሎት ቤታቸው ሰባኪ ነው፣ ለስብከት ነው የመጣ፣ ሚስቱ ገበያ ላይ ነግራኛለች አለች። ከፕሮበርት ሚስት ጋር መቼ ይህን ያህል ተቀራረበች? ደግሞስ ሰባኪ ሰላይ አይሆንም ያለው ማነው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 28

ሦስተኛ ሙከራ። ዝናብ፣ ሐዲዱ እንደ ሳሙና። ዳገቱን ግን አሁንም ሳታንሸራትት።

ኬልቢ ላይ የፊተኛው ቀኝ መንኮራኩር ሐዲዱ አናት ላይ ወጣ። ወጥቶ ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ከኋላ አሥራ አንድ ሰው ተሳፍሯል። ጃቤዝ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ጓንቱን ማውለቅ አቅቶት በጥርሱ ሳበው። አቅፌ፣ በአንተ የመጣ አይደለም፣ ይህን ያደረገውን አውቀዋለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። የደነገጠ ሰው እንዲህ ነው።

ማታ ሚዛን ላይ። ልክ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 1

ፕሮበርትን አሰናበትኩት። ቶርንቢ ዘንድ ሄጄ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፦ ጠመኔውን፣ እንግዳውን ሰው፣ ካልተሳፈርኩ ማለቱን። ቶርንቢ ስለ እኔ ባቡር ያለ ቀልድ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሌሎቹም ኩባንያዎች ሊያውቁት ይገባል አለ፤ ለሁሉም እነግራለሁ አለ። እሱ ይህን ሲል ትንሽ ቀዘቀዝኩ። ከሥራ ማስወጣት አንድ ነገር ነው፣ በር ሁሉ እንዲዘጋበት ማድረግ ሌላ ነው። ግን ምንም አላልኩም። አሥራ አንድ ሰው አሳፍሮ ለሞት የሚያቀርብ እጅ ምን ይገባዋል?

ፕሮበርት አልጮኸም። ማስመሪያዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና፣ "ለቦርዱ ቀን እባክዎ ሰው ያቁሙ። እሳቱ ከተለኮሰበት እስክትነሳ ድረስ" አለኝ።

እንደ ማስፈራሪያ ነው የሰማሁት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 2

ሃሪየት ቁርስ ላይ ገንፎውን ፊቴ አስቀምጣ ቆመች። ኋላ፣ ጃቤዝን ጠይቀኸዋል ወይ አለችኝ። ምኑን አልኳት። በባቡሯ ላይ የሚውለው እሱ አይደል፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ብላ ጀመረች። ወንድምሽን እንደ ወንጀለኛ ላስቀርብልሽ ነው የምትፈልጊው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"የምትጠላውን ነው የምትጠይቅ፣ ኤድመንድ። የምትወደውን ጠይቀህ አታውቅም።"

ገንፎውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 15

ነገ ነው። የቦርዱ ሰዎች ይሳፈራሉ።

ጥበቃ አቆምኩ። ግሪምሾ የሚባል አንድ ዓይና አሮጌ ወታደር ነው፤ የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ዓይነት ሰው። ከእሳቱ ጀምሮ እስክትነሳ ድረስ ባሌስትራዎቹን ማንም እንዳይነካ፣ መልአኩ ገብርኤል ቢመጣ እንኳ አልኩት። ገብርኤል መፍቻ ይዞ ከመጣ ራሱን እለዋለሁ አለኝ። ፕሮበርት ሰፈሩን አልለቀቀም ይባላል። ይምጣ እስቲ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16

እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት የቦርዱ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ተሳፈሩ። ጃቤዝ ከባቡሯ የነጂ መቆሚያ ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ መለስኩለት። ምልክት ተሰጠ፣ እንፋሎቱ ተከፈተ፣ ትልቁ መንኮራኩር በባዶ ተሽከረከረ። እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ቶርንቢ ፊት! ብልጭታ ወጣው። ቆመ፣ እንደገና ተሽከረከረ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ፣ ተሸካሚዎቹ ሳቁ፣ ቶርንቢ ሰዓቱን አወጣ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳት ቆስቋሹ ወርዶ ሐዲዱ ላይ አሸዋ በተነ፤ እየተንፏቀቅን፣ እያንሸራተትን ዳገቱን ወጣን።

ከዚያ ኬልቢ። ሃምሳ። ሃምሳ አምስት። እጄን ወንበሩ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ስልሳ። ስልሳ ሦስት! ባቡሯ እንደ ጠረጴዛ ረጋች። የቦርዱ ሰብሳቢ ሚስት ሻይ ቀዳች፤ አልፈሰሰም። ሰብሳቢው እጄን ጨበጠኝ። ቶርንቢ ራሱ፣ ወስላታው ሲወጣ ባቡሯ ዳነች፣ ወንጀለኛ የሚያሸት አፍንጫ እንዳለህ አላውቅም ነበር አለኝ። ለቦርዱም እንዲሁ ነገራቸው።

እውነት ነው። ፕሮበርት ሄደ፣ መነቅነቁም ሄደ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጃቤዝ ለእራት አልመጣም። ስላንሸራተተች ተናዶ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 17

ጃቤዝ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሃሪየት ሻይ ብትሰጠው አልነካውም።

"ዘበኛ አቆምክብኝ፣" አለኝ።

በአንተ ላይ አይደለም አልኩት፤ በፕሮበርት ላይ ነው አልኩት።

"እኔን ነው የመለሰኝ። መፍቻዬን ይዤ ስጠጋ ያ አንድ ዓይና ዱላውን አነሳብኝ። አንተን ብጠራህ ባርኔጣህን አነሳህልኝ። ሳላጠብቃት ነው የነዳኋት፣ ኤድመንድ። ለዚህ ነው ሰው ፊት ያንሸራተተችብህ።"

ምን ማጠበቅ አልኩት። ሁሉም ነጂ የሚያደርገውን ነዋ አለኝ። ከመነሳታችን በፊት የመካከለኛውን ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር ጠበቅ እናደርጋለን፣ ዳገት እንዲነክስ። ስንመለስ እናላላዋለን፣ ባሌስትራው እንዳይደክም። ይህ የነጂ ሥራ ነው፣ ለንድፍ ክፍል አይነገርም፤ ፈረሰኛ ኮርቻውን ሲያጠብቅ ለኮርቻ ሰፊው ይናገራል? አለኝ። አንተም አደራ ብለኸኛል አለ። ስትንገዳገድስ አልጠረጠርክም አልኩት። ትንንሾቹን ባቡሮች ስናጠብቃቸው ምንም አይሆኑም፣ ይችኛዋ ፈጣን ስለሆነች መስሎኝ ነው አለኝ። ከዚያ ብድግ አለ።

"ትናንት ስትረጋ ጊዜ ገባኝ። ያ ዌልሳዊ ምንም አላደረገም። ቶርንቢ ዘንድ ልሂድ።"

ብትሄድ ጭልፊትን ይነጥቁሃል፣ ምናልባትም ከመንገዱ ያስወጡሃል፤ እኔ ስነግረው ይሻላል፣ በአግባቡ እነግረዋለሁ አልኩት። ሃሪየት ምድጃው አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ፈጣሪዬ፣ ምን አደረግሁ? ግን ማን ይህን ይገምታል? ማንም ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ፕሮበርትን ይጠረጥር ነበር።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 20

ወደ ፕሮበርት ቤት ሄድኩ። ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ነበር። ሚስቱ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ፕሮበርት የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር፣ ረጋች ወይ? ነበር። ረጋች አልኩት። ስንት ሄደች? ስልሳ ሦስት። ፊቱ በራ። የራሱ ሥራ የሆነች ያህል ደስ አለው።

ጃቤዝ እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። ከጠመኔው ቀን ጀምሮ ገምቻለሁ አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"የሚስትዎ ወንድም ነው። በግምት ስሙን ብጠራ ያምኑኝ ነበር?"

ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጭልፊት ማውራት ጀመረ። ዳዶዎቹ በብረት ክዳን ይሸፈኑ፣ ክዳኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ፋብሪካ ይቀመጥ አለኝ። የሚቀጥለውን ባቡር ቦይለርም ከፍ ቢያደርጉት አይገለበጥም፣ አይፍሩት አለ። ልክ እንደ ሥራ ባልደረባ።

ሐሙስ ጋሪ ይመጣላቸዋል። ሰባኪው ዘመድ አለው፣ በእሱ በኩል ዌልስ ውስጥ አንድ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ፕሮበርትን ሊቀበል ፈቅዷል፤ ግን ቶርንቢ ስሙን ስላጠፋው፣ ቶርንቢ ራሱ ንጹሕ ነው ካላለ ከበሩ ይመልሱታል። ሰኞ ቶርንቢን አነጋግራለሁ፣ ቃሉ ከእናንተ በፊት ዌልስ እንዲደርስ አደርጋለሁ አልኩት። ሚስቱ አለቀሰች። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ቦርዱ ስድስት እህቶች አዘዘ። ስድስት! ቶርንቢ ወይን ከፈተ። ክፍሉ በሰው ሞልቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይነገርም። ነገ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 23

ጃቤዝ ከበሩ ላይ ጠብቆኝ፣ ነገርከው? አለኝ። ዛሬ አልኩት። አንተ ካልነገርከው እኔ እሄዳለሁ አለ። ልጆችህን አስብ አልኩት። ትቶኝ ሄደ።

ቶርንቢን ጥርሱን አሞታል። አፉን በሻርፕ አስሮ ነው የዋለው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 24

ለስድስቱ ባቡሮች ሥዕሉን ይዤ ገባሁ። ብቻችንን ነበርን። በሩ ተዘግቷል፣ ጥርሱም ተሽሎታል። በልቤ ቃሉን ደርድሬ ነው የገባሁት፦ ሚስተር ቶርንቢ፣ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ተሳስቻለሁ።

እሱ ግን የዳዶውን ክዳንና ቁልፉን ሥዕሉ ላይ አየ። ጣቱን አሳረፈበት። ይህ ብልህ ነገር ነው አለ፣ እንደዚያ ያለ ወስላታ ዳግም እንዳይነካት፤ የማን ሐሳብ ነው?

የእኔ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጀምረው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 25

ጋሪው በንድፍ ክፍሉ መስኮት ሥር አለፈ። የፕሮበርት ሚስት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ልጇን በሻርፕ ጠቅልላ ይዛለች። እሱ ከጋሪው ጎን በእግሩ ይሄዳል። ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። ለአሽሙር ይሆን ብዬ ፊቱን አጥብቄ አየሁት። አሽሙር አልነበረበትም።

ጃቤዝ ፋብሪካው በር ላይ አልፎኝ ሄደ። ራሱ ወደ ቶርንቢ ሊገባ ይሆናል፤ ፊቱ እንደዚያ ይላል። ከገባ እንደማውቅ መናገሩ አይቀርም። አስቀድሞ ለሰው አውርቶ ይሆን? ግሪምሾም ዛሬ ሰላምታዬን ዘግይቶ ነው የመለሰልኝ።

ሃሪየት ለመንገድ ዳቦና አይብ ይዛላቸው ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሻሽዋን ሳትፈታ ሳሎኑ መካከል ቆመች።

"ሚስቱ እጄን ይዛ ሳመችኝ፣" አለች። "ባልሽ ቃሉን ይጠብቃል፣ እኛ ሳንደርስ የሚስተር ቶርንቢ ቃል እዚያ ይቀድመናል አለችኝ። አመሰገነችኝ፣ ኤድመንድ። ምን ልበላት ነበር?"

ቶርንቢ ዓርብ ዓርብ ለንደን ነው አልኳት። ሰኞ ይመለሳል አልኳት።

ሻሽዋን እንዳሰረች ወጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። እራቱን አልሠራችም።